ሲቢቲ መንጃ ፈቃድ አይደለም፦ በብሪታንያ ሙሉ የሞተር መንጃ ፈቃድ እንዴት ይወጣል?

በለንደን፣ በማንችስተር ወይም በሊድስ ጎዳናዎች ምሽት ላይ ምግብ ሊያደርሱ የሚሯሯጡትን ሞተረኞች ልብ ብሎ ያየ ሰው፣ ከብዙዎቹ ሞተር ፊትና ኋላ ነጭ ሰሌዳ ላይ የታተመች ቀይ «ኤል» ፊደል አትጠፋውም። አዲስ አበባ ውስጥ መኪና ላይ «ለማጅ» ተብሎ የሚለጠፈው መሆኑ ነው። ሞተረኛው ያንን መንገድ ሁለት ሦስት ዓመት ተመላልሶበት፣ የሰፈሩን ስርቻ ሁሉ በቃሉ ይዞት ሊሆን ይችላል። በሕግ ዓይን ግን ገና ለማጅ ነው። ኪሱ ውስጥ ያለው ወረቀት ሲቢቲ የሚባለው የአንድ ቀን ሥልጠና ምስክር ወረቀት ነው፤ መንጃ ፈቃድ አይደለም።

ሲቢቲ ሁለት ዓመት ሲሞላው ያበቃል። ሰው አፈናጥጦ መሄድ፣ ሞተርዌይ መግባት፣ ከ125 ሲሲ በላይ የሆነ ሞተር መንዳት አይፈቅድም። ሙሉ መንጃ ፈቃድ ግን ባለቤቱ 70 ዓመት እስኪሞላው ይዘልቃል፤ በየ10 ዓመቱ ፎቶ ያለበትን ካርድ ማደስ ብቻ ይበቃል። ለሙሉ ፈቃዱ የሚሰጠው ሥልጠናም በመጀመሪያው ቀን ጊዜ የማይገኝላቸውን ሁለት ነገሮች ያስተምራል፦ ሞተርን በዝግታ መግዛትንና መንገድን በዓይን ማንበብን። የሞተረኛ ሕይወት የተንጠለጠለው በእነዚህ ላይ ነው። ከብሪታንያ የመንገድ ትራፊክ ውስጥ የሞተር ሳይክል ድርሻ 1 በመቶ ገደማ ሆኖ ሳለ፣ በመንገድ አደጋ ከሚሞቱ አምስት ሰዎች አንዱ ያህል ሞተረኛ ነው።

ከዚህ በታች የቀረበው በእንግሊዝ፣ በስኮትላንድና በዌልስ የሚሠራው ሥርዓት ነው። ሰሜን አየርላንድ የራሷ ደንብ አላት።

ከአገር ቤት ይዘነው የመጣነው ፈቃድ

በኢትዮጵያ የወጣ መንጃ ፈቃድ፣ ባለቤቱ በብሪታንያ ነዋሪ ከሆነበት ቀን ጀምሮ ለ12 ወር ያገለግላል። ሞተር ለመንዳት ግን የሞተር ምድብ ፈቃዱ ላይ መኖር አለበት፤ የመኪና ፈቃድ ብቻ ያለው ሰው በእሱ ሞተር ላይ መውጣት አይችልም። ኢትዮጵያ ከብሪታንያ ጋር መንጃ ፈቃድ ከሚለዋወጡት አገሮች ዝርዝር ውስጥ የለችም። ስለዚህ 12 ወሩ ሲያልቅ፣ ጎንደር ወይም ሐዋሳ ላይ ለዓመታት ሞተር ሲነዳ የኖረውም ሰው እንደ ማንኛውም ጀማሪ ከሀ ይጀምራል።

የመጀመሪያው እርምጃ ፕሮቪዥናል የሚባለውን የለማጅ ፈቃድ ማውጣት ነው። ዲቪኤልኤ በሚባለው የመንጃ ፈቃድ መሥሪያ ቤት ድረ ገጽ ሲያመለክቱ ክፍያው 34 ፓውንድ፣ በፖስታ ከሆነ 43 ፓውንድ ነው። አመልካቹ በአገሪቱ ቢያንስ 185 ቀናት የመኖር መብት ያስፈልገዋል። የብሪታንያ ሙሉ የመኪና መንጃ ፈቃድ ያለው ሰው ይህን ማድረግ አያሻውም፤ የለማጅነቱ መብት በመኪናው ፈቃድ ውስጥ አብሮ አለ። ሲቢቲውን ግን እሱም መውሰድ ይኖርበታል።

ዕድሜን በተመለከተ፣ እስከ 50 ሲሲ ያሉትን ትንንሾቹን ለመንዳት 16፣ እስከ 125 ሲሲ ላሉት ደግሞ 17 ዓመት መሙላት ያስፈልጋል።

የመጀመሪያው ቀን

ሲቢቲ ግዴታ የሆነው እ.ኤ.አ. በ1990 ነው። ፈቃድ ባለው ማሠልጠኛ ውስጥ በአብዛኛው በአንድ ቀን ያልቃል፤ አምስት ክፍሎች አሉት። መጀመሪያ ስለ ሕጉና ስለ ልብሱ ገለጻ ይደረጋል፣ ዓይንም ይፈተሻል፦ በ20 ሜትር ርቀት ላይ ያለ የመኪና ታርጋ ማንበብ ግድ ነው። ከዚያ ለማጁ ሞተሩን በእጁ እየገፋ ይለማመዳል፣ ፍሬኑንና ማርሹን ይተዋወቃል። በሦስተኛው ክፍል ለትራፊክ ዝግ በሆነ ሜዳ ይነዳል፦ መነሣት፣ መቆም፣ ማርሽ መቀየር፣ ስምንት ቁጥር መሥራት፣ ድንገተኛ ፍሬን መያዝ። አራተኛው ስለ መንገድ አጠቃቀም የሚደረግ ውይይት ነው። መጨረሻው ከአስተማሪው ጋር ቢያንስ ሁለት ሰዓት እውነተኛ መንገድ ላይ መንዳት ነው። መንገድ ላይ አንድ አስተማሪ ከሁለት ለማጅ በላይ ይዞ አይወጣም።

ሲቢቲ የማለፍና የመውደቅ ፈተና የለውም። አስተማሪው «ይህ ሰው ብቻውን ቢነዳ ችግር የለውም» ብሎ ሲያምን ወረቀቱን ይሰጣል፤ ካላመነ ሌላ ቀን ተመለስ ይላል። ከአስተማሪው የሚመጣው ትእዛዝ መንገድ ላይ በጆሮ ማዳመጫ በእንግሊዝኛ ነው። እንግሊዝኛው ገና ያልጠነከረ ሰው እንደ አደባባይ፣ መታጠፊያ፣ መውጫ፣ ረድፍ ያሉትን ቃላት አስቀድሞ ጆሮውን ቢያስለምድ ይጠቅመዋል፤ «ሁለተኛው መውጫ» ሲባል ለመተርጎም ጊዜ የለም።

የሲቢቲ ዋጋ በመንግሥት የተተመነ አይደለም፤ እያንዳንዱ ማሠልጠኛ የራሱን ይጠይቃል። ወረቀቱ ጊዜው አልፎበት የተያዘ ሰው እስከ 1,000 ፓውንድ ሊቀጣ፣ ፈቃዱም ላይ እስከ 6 ነጥብ ሊመዘገብበት ይችላል።

ባጃጅ የነዳ ሰው የሚያውቀውና የማያውቀው

አገር ቤት ባጃጅ የነዳ ሰው ሞተር ላይ ሲወጣ ግማሹ መንገድ ተጠርጎለታል። ፍሪሲዮን በግራ እጅ፣ ነዳጅ በቀኝ እጅ መሆኑን ያውቃል። ባጃጅ ላይ ማርሹ የሚቀየረው የግራውን እጀታ በመጠምዘዝ ሲሆን፣ ሞተር ላይ ግን ወደ ግራ እግር ይወርዳል፦ አንደኛ ማርሽ ወደ ታች፣ ሌሎቹ ወደ ላይ። የኋላ ፍሬን በቀኝ እግር ነው፣ የፊት ፍሬን በቀኝ እጅ ጣቶች።

ትልቁ ልዩነት ሚዛኑ ነው። ባጃጅ መሪው ወደ ዞረበት ይዞራል። ባለ ሁለት ጎማው ሞተር ግን ፍጥነት ከያዘ በኋላ የሚታጠፈው በማዘንበል ነው። ወደ ግራ ለመታጠፍ የግራውን እጀታ ገፋ ማድረግ ያስፈልጋል፤ ሞተሩ ወደ ግራ ያዘነብላል፣ ይታጠፋል። ሲነገር ግራ የሚያጋባ ነው፤ ይሁን እንጂ ብስክሌት የነዳ ሰው ሁሉ ሳያውቀው ሲያደርገው ኖሯል።

ለማጅን የሚያስጨንቀው ግን ፍጥነት ሳይሆን ዝግታ ነው። በጠባብ መንገድ ላይ ሙሉ ዙር መዞርን እንይ። ለማጁ በአንደኛ ማርሽ ይነሣል፤ ፍሪሲዮኑን ሙሉ በሙሉ አይለቀውም፣ ሞተሩ መሳብ የጀመረባት ነጥብ ላይ በጣቶቹ ይዞ ያቆየዋል። ነዳጁን ጥቂት ሰጥቶ እዚያው ያጸናዋል። ፍጥነቱን የሚቀንሰው በቀኝ እግሩ የኋላ ፍሬኑን በስሱ በመርገጥ ነው። በትከሻው ላይ ወደ ኋላ ዞሮ ያያል፣ መንገዱ ነጻ ከሆነ መሪውን ያዞራል፤ ዓይኑን ደግሞ ከጎማው ሥር ካለው አስፋልት አንሥቶ ሊደርስበት ካሰበው ቦታ ላይ ይተክላል። መሬት መሬቱን የሚያይ ለማጅ ሞተሩም ወደዚያው ይወስደዋል። መሪው እንደዞረ የፊት ፍሬኑን የጨበጠ ደግሞ ሞተሩ በአንድ ጊዜ ወደ ጎን ይጋደምበታል።

ይህን አንድ ልምምድ በደንብ የያዘ ሰው ትራፊክ መሐል መንፏቀቅም፣ ከመኪና ማቆሚያ መውጣትም፣ ዳገት ላይ መነሣትም አያስቸግረውም። ሁሉም በፍሪሲዮን፣ በኋላ ፍሬንና በዓይን ላይ የተመሠረቱ ናቸውና።

ሦስቱ ደረጃዎች

ከጥር 2013 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሥራ ላይ ባለው ደንብ መሠረት ሙሉ የሞተር መንጃ ፈቃድ ሦስት ደረጃ አለው።

ኤ1 ከ17 ዓመት ጀምሮ የሚገኝ ሲሆን፣ እስከ 125 ሲሲና እስከ 11 ኪሎዋት ጉልበት ያለው ሞተር ያስነዳል። ሞተሩ ለማጅ ከሚነዳው ጋር አንድ ነው፤ ነገር ግን «ኤል» ሰሌዳው ይነሣል፣ ሰው ማፈናጠጥ ይፈቀዳል፣ በየሁለት ዓመቱ ሲቢቲ ማደስ ይቀራል።

ኤ2 ከ19 ዓመት ጀምሮ ነው፤ እስከ 35 ኪሎዋት ድረስ። በዚህ ምድብ የሚገኙት ሞተሮች አገር አቋርጦ ለመሄድ ምንም አያንሳቸውም።

ኤ ገደብ የለውም። ኤ2ን ለሁለት ዓመት የያዘ ሰው በ21 ዓመቱ ሊፈተንበት ይችላል፤ ያለ ምንም መሸጋገሪያ በቀጥታ ለመግባት ግን 24 ዓመት መሙላት ያስፈልጋል። ዕድሜው 24 ያለፈ ሰው ኤ1ንና ኤ2ን ዘሎ በቀጥታ ለኤ መፈተን ይችላል፤ ለጎልማሳ ለማጅ በብዛት የሚመከረውም ይኸው ነው። የሚፈተነው ግን በትልቅ ሞተር ስለሆነ፣ ከ125 ወደ ትልቁ ለመልመድ የተወሰኑ ቀናት ከአስተማሪ ጋር ማሳለፍ ይኖርበታል።

እዚህ ላይ አንድ ማሳሰቢያ አለ። ማርሽና ፍሪሲዮን በሌለው አውቶማቲክ ስኩተር ተፈትኖ ያለፈ ሰው የሚያገኘው ፈቃድ ለአውቶማቲክ ብቻ ነው። ዛሬ የቀለለ የሚመስለው ምርጫ ነገ ሌላ ሞተር መግዛት ሲፈለግ እንደገና ለመፈተን ያስገድዳል።

የጽሑፍና የመንገድ ፈተናዎቹ

የመጀመሪያው ፈተና የንድፈ ሐሳብ ነው፤ ክፍያው 23 ፓውንድ። የመኪናውን ንድፈ ሐሳብ ያለፈ ሰውም የሞተሩን ለብቻው ይፈተናል። ሁለት ክፍሎች አሉት። በመጀመሪያው 50 የምርጫ ጥያቄዎች በ57 ደቂቃ ይመለሳሉ፤ ለማለፍ 43 ማግኘት ያስፈልጋል። በሁለተኛው 14 አጫጭር ቪዲዮዎች ይታያሉ፤ ተፈታኙ አደጋ ሊሆን የሚችለው ነገር መፈጠር ሲጀምር ማውሱን ይጫናል። ፈጥኖ ያየ ብዙ ነጥብ፣ ዘግይቶ ያየ ጥቂት ያገኛል፤ ከ75ቱ 44 ማምጣት አለበት። ሁለቱንም ክፍሎች በአንድ ላይ ካላለፈ ሁለቱንም ይደግማል። በሌላ አገር ቋንቋ በድምፅ ወይም በአስተርጓሚ መፈተን ከ2014 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ቀርቷል። ስለዚህ ጥያቄና መልስ ከመሸምደድ ይልቅ ሐይዌይ ኮድ የሚባለውን የመንገድ ደንብ መጽሐፍ እየተረጎሙ ማንበብ ያዋጣል። የንድፈ ሐሳቡ ውጤት ሁለት ዓመት ይቆያል፤ በእነዚህ ሁለት ዓመታት ውስጥ የተግባር ፈተናዎቹ ካላለቁ ይቃጠላል።

የተግባር ፈተናው ከ2009 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለሁለት ተከፍሏል። ሞጁል 1 ዝግ ሜዳ ላይ የሚደረግ ሲሆን 15 ፓውንድ ከ50 ሳንቲም ያስከፍላል። ሞተሩን ያለ ማስነሣት በእጅ ከአንድ ማቆሚያ ወደ ሌላው ማዛወር፣ በኮኖች መሐል መጠማዘዝ፣ ስምንት ቁጥር መሥራት፣ በእግር ጉዞ ፍጥነት መንዳት፣ ሙሉ ዙር መዞር ይጠየቃል። ከዚያ ፍጥነት ይመጣል። ተፈታኙ በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር ደርሶ ፈታኙ እጁን ሲያነሣ ባለበት ይቆማል፤ ቀጥሎም በዚያው ፍጥነት መጥቶ ከፊቱ እንቅፋት እንዳለ ሁሉ ወደ ጎን ሸርተት ብሎ ያልፋል።

በድንገተኛ ፍሬኑ ብዙ ሰው የሚወድቀው በድንጋጤ የፊት ፍሬኑን በአንዴ አፍኖ ስለሚይዘው ነው። የፊት ፍሬን ከሁለቱ የበለጠ ጉልበት ያለው ነው፤ ሆኖም ጎማው መሬቱን ቆንጥጦ የሚይዘው የሞተሩ ክብደት ወደ ፊት ከተጫነው በኋላ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ለስለስ፣ ወዲያው ጠበቅ፣ ከዚያ ጠንከር እየተደረገ ይጨመቃል፤ የኋላው በእርጋታ ያግዛል፤ ፍሪሲዮኑ የሚያዘው ሊቆም ሲል ነው። ሞጁል 1 ላይ እስከ 5 ቀላል ስሕተት ይታለፋል፤ አንድ ከባድ ስሕተት ግን ይጥላል። የወደቀ ሰው ሦስት የሥራ ቀን ጠብቆ ይመለሳል።

ሞጁል 2 መንገድ ላይ ነው። በሥራ ቀን 75 ፓውንድ፣ ማታና ቅዳሜና እሑድ 88 ፓውንድ ከ50 ሳንቲም ይከፈልበታል። ዓይን እንደገና ይፈተሻል፣ ስለ ሞተሩ ደኅንነት አጫጭር ጥያቄዎች ይነሣሉ፤ ከዚያ ፈታኙ ከኋላ እየተከተለ በሬዲዮ እየመራ ለ30 ደቂቃ ያህል ይነዳል። ከዚህ ውስጥ 10 ደቂቃ ገደማ ተፈታኙ ምልክቶችን እያነበበ ራሱ መንገዱን ያገኛል። መንገድ መሳት አያስወድቅም፤ የሳቱትን መንገድ ለማግኘት ሲሉ ሳያዩ መታጠፍ ግን ያስወድቃል። እስከ 10 ቀላል ስሕተት ይፈቀዳል። የወደቀ ሰው 10 የሥራ ቀን ይጠብቃል።

ማየትና መታየት

እ.ኤ.አ. በ1981 በካሊፎርኒያ የወጣውና በተመራማሪው በሃሪ ኸርት ስም የሚጠራው ጥናት፣ ሞተርና መኪና ከተጋጩባቸው አደጋዎች ሁለት ሦስተኛው ያህል ላይ ቅድሚያ ያልሰጠው የመኪናው አሽከርካሪ መሆኑን አሳይቷል። ዛሬም የብሪታንያ አስተማሪዎች የሚደክሙት በዚሁ ላይ ነው። ሞተረኛው ቅድሚያ የእሱ መሆኑን ማወቁ አያድነውም፤ ባለ መኪናው እንዳላየው አድርጎ ማሰብ ያድነዋል።

ለዚህ የሚሆኑ ልማዶች አሉ። አንዱ ከመታጠፍ ወይም ረድፍ ከመቀየር በፊት በትከሻ ላይ የሚደረገው የመጨረሻ እይታ ነው፤ ስፖኪዮ የማያሳየው ቦታ አለና። ሌላው ፍሬቻ ነው። በመኪና ላይ ፍሬቻው መሪው ሲመለስ በራሱ ይጠፋል፤ በአብዛኞቹ ሞተሮች ላይ ግን በጣት ካልጠፋ እያበራ ይሄዳል። ወደ ግራ የሚያበራ ፍሬቻ ረስቶ ቀጥታ የሚሄድን ሞተረኛ ከግራ መንገድ የሚወጣ ባለ መኪና «ሊታጠፍ ነው» ብሎ ይገባበታል።

ከኢትዮጵያ ለመጣ ሰው ደግሞ የመንገዱ ጎን አለ። ኢትዮጵያም እስከ 1964 እ.ኤ.አ. ድረስ በግራ ትነዳ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ግን ዓይናችን የለመደው ቀኝን ነው። በብሪታንያ ቀጥ ባለ መንገድ፣ መኪኖች መሐል ሲሄዱ መሳሳት ይከብዳል። ስሕተቱ የሚመጣው ባዶ መንገድ ላይ፣ ከነዳጅ ማደያ ሲወጡ ወይም ወደ ቀኝ ከታጠፉ በኋላ ነው። አደባባይ ላይ የሚዞሩት በሰዓት አቅጣጫ ነው፤ ቅድሚያ የሚሰጠውም ከቀኝ ለሚመጣ ነው።

ዝናብም የአገሩ ባሕርይ ነው። በደረቅ መንገድ ከፊት ካለው መኪና ቢያንስ የሁለት ሰከንድ ርቀት ይጠበቃል፤ ሲዘንብ አራት ይሆናል። እርጥብ የጉድጓድ ብረት ክዳን፣ መንገድ ላይ የተቀባ ነጭ ቀለምና አደባባይ ላይ የፈሰሰ ናፍጣ ለመኪና ምንም አይደሉም፤ ያዘነበለን ሞተር ግን ያንሸራትታሉ።

ልብስና ኢንሹራንስ

ሄልሜት በብሪታንያ ከ1973 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ግዴታ ነው። ጓንት፣ ቡትና መከላከያ ያለው ጃኬት ሕጉ ባያስገድድም የወደቀ ሰው መጀመሪያ የሚዘረጋው እጁን መሆኑን ማስታወስ ይበቃል። ሄልሜት ሲገዛ ጭንቅላትን ከየአቅጣጫው እኩል መያዝ አለበት፤ ጭንቅላት ሲነቃነቅ ለብቻው የሚዞር ከሆነ ሰፍቷል ማለት ነው። ሻርፕ የሚባለው የመንግሥት መመዘኛ ሄልሜቶችን ከአንድ እስከ አምስት ኮከብ ይሰጣቸዋል። በአደጋ የተመታ ሄልሜት፣ ላዩ ደኅና ቢመስልም፣ መልሶ አይደረግም፤ ያገለገለ ሄልሜት መግዛትም የማይመከረው ለዚህ ነው።

ምግብ ለማድረስ የሚሰማራ ሰው ኢንሹራንሱን ያጣራ። ለግል ጉዞ የተገዛ ኢንሹራንስ በክፍያ ዕቃ ማድረስን አይሸፍንም፤ ለዚያ የተለየ ሽፋን አለ። ሽፋኑ የማይሠራ ከሆነ ሰውየው ያለ ኢንሹራንስ እንደነዳ ይቆጠራል፦ 300 ፓውንድ ቅጣት፣ 6 ነጥብ፣ ሞተሩም ሊወሰድ ይችላል። በብሪታንያ የመጀመሪያ ሙሉ ፈቃዱን ያገኘ ሰው በሁለት ዓመት ውስጥ 6 ነጥብ ከሞላበት ፈቃዱ ይሰረዛል። መኪናም ሞተርም በአንድ ፈቃድ ላይ ስለሚመዘገቡ በሞተር የመጣ ነጥብ የመኪናውንም ይወስዳል።

ሒሳቡ

በሥራ ቀን ተፈትኖ ሁሉንም በመጀመሪያ ሙከራ ላለፈ ሰው፣ የመንግሥቱ ክፍያ የለማጅ ፈቃዱን ጨምሮ 147 ፓውንድ ከ50 ሳንቲም ነው። ሲቢቲው፣ የማሠልጠኛው ክፍያና የሞተር ኪራዩ በላዩ ላይ ይመጣሉ፤ የሚከብደውም ይኸኛው ነው። ወጪውን ለማቃለል ከሲቢቲው በኋላ በራስ 125 ሞተር ዝግታውንና እይታውን እየተለማመዱ ንድፈ ሐሳቡን ማለፍ፣ ከዚያ የቀረውን የአስተማሪ ጊዜ ለሁለቱ ሞጁሎች ማዋል ይቻላል።

ከሁሉ የሚያከስረው ሁለት ዓመቱ እስኪያልቅ ተቀምጦ ለሌላ ሲቢቲ መክፈል ነው። የሚያስተምረው ያንኑ የመጀመሪያውን ቀን ትምህርት፣ የሚሰጠውም ያንኑ «ኤል» ሰሌዳ ነው። ወረቀቱ ሊያልቅ ስድስት ወር ሲቀረው የንድፈ ሐሳቡን ፈተና ቀን የያዘ ሰው፣ ያንን ገንዘብ ለሞጁል 1 አስተማሪው ያውለዋል።